እርማት፦ የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ባሕር ዳር ያለው ወንድማችን የለጠፈው የጨው ውሃ አኳሪየም ዓይን ያፈዛል። ከስሩ ግን «ኦዞን ካስገባህ ውሃ መቀየር ድሮ ቀረ» የሚል አስተያየት ሲደጋገም አየሁ። በቅን ልቦና የተጻፈ ይመስለኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

ኦዞን በመሣሪያ ተሠርቶ ወደ ውሃው የሚገባ ጋዝ ነው፤ ውሃውን ቢጫ የሚያስመስለውን ቆሻሻ ይሰባብራል። ውሃው እንደ መስታወት ጥርት የሚለው ለዚህ ነው። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚመጣውን፣ ውሃ ሲቀየር የሚቀንሰውን ናይትሬት ግን አያስወግድም። እንዲያውም ከናይትሬት በፊት የሚፈጠረውን ናይትራይት ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። ኮራሎቹ (ድንጋይ የሚመስሉት የባሕር እንስሳት) አጽማቸውን ለመገንባት የሚወስዱትን ካልሲየምም አይተካም። ጣና በበጋ ጠራ ተብሎ ሳይፈላ እንደማይጠጣው ማለት ነው።

የናይትሬት መመርመሪያ ካላችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ። በትንሿ ብልቃጥ ከአኳሪየሙ ቅዱ፣ ጠብታውን ጨምሩ፣ መመሪያው ያለውን ደቂቃ ጠብቁና ቀለሙን ከካርዱ ጋር አስተያዩ። ውሃ ሳትቀይሩ ከ2 ሳምንት በኋላ ድገሙት። ዓሣዎቹ እየተመገቡ ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ ኦዞኑ እየሠራም ናይትሬቱ እየተጠራቀመ ነው። ዝም ከተባለ አልጌ ድንጋዩን ይወርሰዋል፣ ኮራሉም ይጠወልጋል።

(በነገራችን ላይ፣ ክፍሉ ውስጥ የኦዞን ሽታ አፍንጫችሁን ከነካው መሣሪያው እያፈሰሰ ነው። መጀመሪያ እሱን አጥፉና መስኮት ክፈቱ።)

ወንድሜ፣ ኦዞኑን አትጣለው። ባልዲህንም እንዳትጥል ብዬ ነው።