ሰው የማያገናኝ ስልክ

ኧረ ይሄ ድርጅቶች ጋ ስንደውል «ለእንዲህ 1ን፣ ለእንዲያ 2ን ይጫኑ» የሚለው የስልክ ሲስተም መላ ይበጅለት! ድሬዳዋን በሚያህል አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በሚነገርበት ከተማ ማስታወቂያው ቀድሞ የቋንቋ ምርጫው ይከተላል። ቋንቋ ይቅደም! ሐረር ላይ ሐረሪም ይጨመር።

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ መሃል ያለች እናት ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ የምትጫነውን ቁጥር እስክትፈልግ የተሰጣት 3 ሰከንድ አልቆ ምርጫው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ምን አለ 8 ሰከንድ ቢሰጣት?

ደግሞ በትክክል ተጭነህም «የተሳሳተ ምርጫ» ይልሃል። ለምሳሌ 5 ሲጫን በመስመሩ የሚሄደው የ770 እና የ1336 ኸርዝ ድምፅ ድብልቅ ነው። መስመሩ ድምፅን ሲጨምቅ ድብልቁ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከድምፁ ተለይቶ እንደ ዳታ መላክ አለበት። ይህን ሳያስተካክሉ ጥፋቱን ደዋዩ ላይ መጣል ግፍ ነው።

ከሁሉም የሚያቃጥለው ግን የሒሳብ ቁጥርህን አንድ በአንድ አስገብተህ፣ ወረፋ ጠብቀህ፣ ሠራተኛዋ «የሒሳብ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ስትል ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የስልኩን ሲስተም ከደንበኞች መዝገብ ጋር አገናኝቶ ያስገባኸውን ቁጥር ኮምፒውተሯ ላይ የሚያወጣላት ክፍል አልተገጠመም። እሱ እስኪገጠም ቁጥሩን አስገቡ አትበሉን፤ 0 ስንጫን በቀጥታ ከሰው አገናኙን።