«አይዞሽ» ማለት በነፃ ነው፣ ፎቶ ኮፒ ግን በብር

ሥራ መፈለግ ምን እንደሚያስወጣ እስቲ ዛሬ ልተንፍሰው። ረጅም ነው፤ ማንበብ የደከመው ይለፈኝ፣ አልቀየምም።

ሥራ የያዛችሁ ወዳጆቼ፣ ባያችሁኝ ቁጥር «አይዞሽ፣ ተስፋ እንዳትቆርጪ» የምትሉኝ ነገር ቢበቃስ? ማን ቆረጠ? ተስፋ የቆረጠ ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይውላል፤ ምንም ወጪ የለበትም። ትራንስፖርት አይከፍልም፣ ጉርድ ፎቶ አይነሳም፣ ካርድ አይሞላም። ኪሳችን የተራገፈው ገና ተስፋ ያለን ሰዎች ነን። ተስፋ ወጪ አለው፣ ወጪውን የሚሸፍነው ደግሞ ገቢ የሌለው ሰው ነው። የኔ ብሶት ይኼው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ከዝርዝሩ ልጀምር። እዚህ ደብረ ብርሃን ሁሌ የምሄድበት አንድ ኮፒ ቤት አለ። ልጁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ማሽኑን ያበራል። ቅደም ተከተሉን ከኔ በላይ ያውቀዋል፦ የስምንተኛ፣ የአስረኛ፣ የአስራ ሁለተኛ፣ ቴምፖራሪ (ጊዜያዊው የዲግሪ ማስረጃ)፣ ትራንስክሪፕት፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ፋይዳ፣ የቀበሌ መታወቂያ ፊትና ጀርባ። የትራንስክሪፕቴ ጥግ ከመገላበጥ ብዛት ስለተበላ ራሱ በፕላስተር ለጥፎልኛል። አንድ ቀን «የስምንተኛ ክፍሉንም ይጠይቃሉ እንዴ?» አለኝ። አዎ ይጠይቃሉ! አካውንታንት ለመቅጠር በአስራ አራት ዓመቴ ሳይንስ ስንት እንዳመጣሁ ማወቅ ይፈልጋሉ። ባለፈው ደግሞ በገጽ ዋጋ ጨመረብኝ፤ ጭማሪውን የነገረኝ ዓይኔን ማየት አፍሮ ወደ ማሽኑ እያየ ነው። እሱስ ምን ያድርግ፣ ቀለሙም ወረቀቱም የዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። ስለ ማክሮ ኢኮኖሚ ማሻሻያ ምሁራኑ በቴሌቪዥን ብዙ ሲተነትኑ ሰምቻለሁ። እኔ ጋ የደረሰው በኮፒ ቤቱ በኩል ነው።

የ2015 ተመራቂ ነኝ። የመውጫ ፈተና የሚባለው ነገር ለሁሉም የዲግሪ ተማሪ «ሀ» ብሎ የጀመረው በኛ ነው። 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪ የለውም ተባለ፤ ዓመታት የተማርነውን በአንድ ቁጭታ ተፈትነን አለፍን። ደስታችን ሳይደርቅ፣ ነሐሴ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ድርግም አለ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። እንግዲህ አስቡት። የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣው በቴሌግራም ነው፤ ፎርሙ የሚሞላው በሊንክ ነው። ዋይፋይ ያለበት ሆቴል እየገባን፣ አንድ ማኪያቶ ለሦስት አዝዘን፣ አስተናጋጇ እየገላመጠችን እንሞላ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሊንኩ ሲከፈት የማመልከቻው ቀን አልፏል። አሁን ታዲያ ለኢንተርቪው ስቀርብ «ከተመረቅሽ ጀምሮ ምን ስትሠሪ ነበር? እዚህ ጋ ክፍተት አለ» ይሉኛል። ጠያቂዎቹ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ሆነው ቲክቶክ ያዩ ነበር፤ ከየት ጀምሬ ላስረዳቸው?

«በአካል ቀርበው ይመዝገቡ» የምትለዋ መስመር ግን የሁሉም አለቃ ናት። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን እሰየው፤ «ዛሬ መኪና የለም» በተባለ ቀን ደግሞ ምዝገባው ያልፋል፣ ማንም ቀን አያራዝምልህም። በጥቅምት ውርጭ ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ትወጣለህ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ረዳቱ የመኪናውን መስታወት በጨርቅ ሲፈገፍግ፣ አንተ ፕላስቲክ ክላሰርህን ደረትህ ላይ አቅፈህ እግርህን ትመታለህ። አዲስ አበባ ደርሰህ ሰልፍ። ከዚያ መስኮት። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው ወረቀትህን ሳያነብ ያገላብጥና «ዋናው ዲግሪስ?» ይላል።

ዋናው ዲግሪ የዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ዕዳዬን ሳልከፍል አይሰጠኝም። ዕዳውን የምከፍለው ከደመወዜ እየተቆረጠ ነው። ደመወዝ የሚኖረኝ ስቀጠር ነው። አንዳንዱ ቀጣሪ ደግሞ በቴምፖራሪ አልመዘግብም ይላል። ይህን ለሰውየው ላስረዳ ብሞክር «ቀጣይ!» አለ። ሌላ ቦታ ተመዝግቤ ለፈተና ስጠራ፣ ለአንድ ቦታ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተቀምጧል፤ ከአጠገቤ የነበረችው ልጅ ደግሞ «የሚቀጠረው ሰው እኮ ገብቷል፣ ይኼ ለወግ ነው» ብላ ሹክ አለችኝ። እውነት ይሁን ሐሜት አላውቅም። ውጤቱን ግን «በስልክ እናሳውቃለን» እንዳሉ ቀርተዋል። አልፈሽም፣ ወድቀሻልም የለም። አንድ ኤስኤምኤስ ስንት ይፈጃል?

ስለ ልምድም ልናገር። ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠየቃል። እሺ፣ የሰፈር ሱቅና አንድ የእህል መጋዘን ሒሳብ እየያዝኩ ነው፤ ደረሰኝ ለይቼ፣ የዱቤ መዝገብ አጥርቼ ትንሽ ብር አገኛለሁ። ይኼ ሥራ ነው፣ እንዲያውም ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩኝ በላይ አስተምሮኛል። ነገር ግን «ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ» ስለሚባል እንደ ሥራ አይቆጠርም። ባለሱቁ ለኔ ምን ግብር ይከፍላል? ራሱ አንዳንድ ቀን የሚሰጠኝ በብር ሳይሆን በዘይት ነው።

አሁን ወደሚያስቀኝ ልምጣ። መስከረም 2018 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተጨመረ፤ የጀማሪ ባለዲግሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ገባ ተባለ። እሰይ፣ ይገባቸዋል፣ በዚህ ኑሮ እሱም አይበቃም። ዜናው በወጣ በሳምንቱ አከራዬ በሬን አንኳኩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ደመወዝም ተጨምሯል፣ ኪራዩን ትንሽ ከፍ እናድርገው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሥራ የለኝም!»

«ይገኛል እናቴ፣ እመቤቴ ታውቃለች፣ አይዞሽ» ብለው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨመሩብኝ። ክፉ ሴት እንዳይመስሏችሁ፤ ዳቦ ሲጋግሩ ሳያካፍሉኝ አይበሉም። ግን ባልተጨመረለት ደመወዝ ኪራይ የተጨመረበት ሰው ከኔ ሌላ ካለ እጁን ያውጣ።

አባቴ መንዝ ነው። ለአንደኛው የሥራ ፈተና መሄጃ ብሎ በግ ሸጦ ላከልኝ። ያ ፈተና ምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ፈተና ሲኖርብኝ አልነግረውም፤ ከነገርኩት ሌላ በግ ገበያ ሊወጣ ነው። እሱ ደግሞ ስላልነገርኩት ሥራ መፈለግ የተውኩ ይመስለዋል። «በርቺ እንጂ ልጄ፣ ሰው ተስፋ አይቆርጥም» ይለኛል በስልክ። እሺ አባዬ እላለሁ።

«ፋብሪካ ሞልቶ!» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። እውነት ነው፣ ከተማችን ለዘመናት በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቢራው መጣ፣ በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። በኋላ ጦርነት መጣ፤ አሜሪካም ከጥር 1፣ 2022 በፈረንጆች ጀምራ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል፣ አወጣች፤ ወደዚያ ልብስ የሚልክ ሁሉ ተመታ። ከቀያቸው ተፈናቅለው እዚህ ዓመታት የተቀመጡ ሰዎችም አሉ፤ ጠዋት ጠዋት የቀን ሥራ ፍለጋ ከኛ ጋር ይቆማሉ፤ ከኔ የባሰ እንጂ የተሻለ ነገር የላቸውም። ለአካውንታንት የሚሆን ነገር ሲገኝ ደግሞ ጥበቃው ከበር ላይ «ሰው አለሽ ውስጥ?» ይላል። ሰው ቢኖረኝ አንተን ምን አመጣኝ!

በዚህ ሁሉ መሃል ያላበድኩት በጓደኞቼ ነው። አብረን የተመረቅን ጥቂት ልጆች አለን። በየተራ የኢንተርኔት ፓኬጅ እንገዛለን፤ ባለተራው ማስታወቂያዎቹን ሁሉ አይቶ ለሌላው ያካፍላል። አንዱ አዲስ አበባ የሚወርድ ከሆነ የሁላችንንም ዶክመንት ይዞ ይሄዳል። በቅርቡ አንዷ እዚሁ ከተማችን ጠባሴ አካባቢ ባለ ድርጅት ተቀጠረች፣ በመጀመሪያ ደመወዟ ለሁላችን ኮፒ አስደረገችልን። ስጦታ ይሉታል ይኼ ነው! ከማንም «አይዞሽ» እሷ ያደረገችው ለኔ በልጧል፣ ምክንያቱም ለሚቀጥሉት ማመልከቻዎች ኪሴ አልተነካም።

እና ቀጣሪዎች፣ አታዝኑልን። መጀመሪያ በኢሜይል ተቀበሉን፣ ኦርጅናሉን ያለፈ ሰው ያምጣ። የስምንተኛ ክፍል ካርዱን ተዉት። የወደቀ ሰው መውደቁን ይወቅ። ሰው የያዛችሁለት ቦታ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያ አታውጡ፣ መንዝ ያሉት በጎች ይረፉበት።

በነገራችን ላይ ማክሰኞ የሚዘጋ አንድ የአካውንቲንግ ማስታወቂያ አለ፤ ዜሮ ዓመት ይላል፣ በወኪል ማስመዝገብ ይቻላልም ይላል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ የምትወርዱ ካላችሁ ኢንቦክስ በሉኝ። የአራት ሰው ዶክመንት ነው፣ አንድ ክላሰር ውስጥ ይገባል፣ አይከብድም።