የሚያቋርጡት ትዕግሥት አጥተው አይደለም

አንድ ጸሐፊ ሰዎች የሥነ ልቦና ሕክምና ጀምረው የሚተዉት ትዕግሥት ስለሌላቸው ነው ብለዋል። እዚህ ላይ አልስማማም። ታላቅ እህቴ ሦስት ጊዜ ሄዳ አቆመች። በሦስተኛው ቀን ባለሙያዋ «እስቲ ስለ እናትሽ ንገሪኝ» አለቻት። እህቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ዝም አለች። ስትወጣ «የቤቴን ገመና ለባዳ ልዘርግፍ?» አለችኝ። ለእሷ ማውራቱ እናቷን መክዳት ነበር።

እንዲህ የሚያምንን ሰው «ግልጽ ሁን» ማለት ብቻ ምን ይፈይዳል? ጭንቀቱ የፈጣሪ ቁጣ ነው ብሎ የሚያስብም እንደዚያው ነው። ማውራት ከቁጣው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ካልገባው ለምን ይመላለሳል? የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና፣ ማለትም የሚያስጨንቅ ሐሳብንና ልማድን በንግግር ለመለወጥ የሚረዳው ሕክምና፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይፈልጋል። ሕክምናው ይረዳኛል ብሎ ሳያምኑ ያን ያህል መመላለስ ከባድ ነው።

የአሜሪካ የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥ 16 ጥያቄዎች ያሉት የባህል ቃለ መጠይቅ አለ። ችግሩን እርስዎ እንዴት ይገልጹታል? ከምን መጣ ይላሉ? ቤተሰብዎስ ምን ይላል? ይሄ ገና በመጀመሪያው ቀን ቢጠየቅ ስንቱ ሰው በቀጠለ!

እህቴ ከዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ ጋ ሄደች። እሱ መጀመሪያ የጠየቃት «እዚህ በመምጣትሽ ማን ቅር ይለዋል?» ብሎ ነው። እሷም «እናቴን» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀጠሮ አልቀረችም።