ማስተካከያ፦ ሕፃኑን ወደ ፊት የምናዞረው አንድ ዓመት ስለሞላው አይደለም

ባለፈው ስለ ሕፃናት የመኪና ወንበር ስጽፍ «ልጁ አንድ ዓመት ሞልቶት 9 ኪሎ ከደረሰ ወንበሩን ወደ ፊት ማዞር ይቻላል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ የጠቀስኩት የቆየ ምክር ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ዕድሜውን ወደ 2 ዓመት ከፍ አድርጎት ነበር። በ2018 ባወጣው መመሪያ ደግሞ የዕድሜ ገደቡን ጭራሽ ተወው። አሁን የሚታየው ወንበሩ ራሱ ነው፦ ልጁ ወንበሩ ወደ ኋላ ዞሮ የሚችለውን ክብደት ወይም ቁመት፣ ከሁለቱ አንዱን እስኪያልፍ ድረስ ፊቱ ወደ ኋላ እንደዞረ ይቆያል። ልኩ ወንበሩ ላይ በተለጠፈው ምልክትና በመመሪያው ላይ ተጽፏል።

የሕፃን ራስ ለሰውነቱ ከባድ ነው፣ አንገቱም ገና አልጠናም። መኪናው ከፊት ሲጋጭ ወደ ኋላ የዞረ ልጅ ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው አንድ ላይ በወንበሩ መደገፊያ ይያዛሉ። ወደ ፊት የዞረውን ግን ቀበቶው ትከሻውን ሲይዘው ጭንቅላቱ ብቻውን ይወረወራል።

ብዙ ወላጅ የሚቸኩለው የልጁ እግር መታጠፉን አይቶ ነው (እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነበር)። መታጠፉ ግን ወንበሩ ጠበበው ማለት አይደለም።

ጽሑፌን አምናችሁ ያዞራችሁ፣ ልጁ ከልኩ በታች ከሆነና ወንበሩ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ ከሆነ መልሱት። ኤርባጉ ባልጠፋ የፊት መቀመጫ ላይ ግን ወደ ኋላ የዞረ ወንበር በፍጹም አይታሰርም።