ይድረስ ለክቡር አቶ ጉም፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ ልል ነበር። ግን የት ሄደው ይናፍቁኛል? ዘጠኝ ቀን ተኙብን፣ አንድ ቀን ተነሡልን፣ ይኸው ተመልሰው በራችን ላይ ተጋድመዋል።

የምጽፍልዎ ከምዕራብ አላስካ ነው። ኩስኮክዊም ወንዝ ዳር፣ ቤቴል የምትባል ከተማ አጠገብ፣ ዩፒክ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከሚኖሩባት መንደር። ቤቴል ስል የአዲስ አበባውን አይደለም። እዚያ በታክሲ ይኬዳል። ይኸኛው ከአንኮሬጅ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የሚያገናኛቸው የመኪና መንገድ ግን የለም። እዚህ አስተማሪ ነኝ። «አላስካ ደሞዙ ጥሩ ነው» ያለኝ ዘመዴ ስለ እርስዎ ትንፍሽ አላለም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እህቴ ከሲያትል ለገና ካርቶን ላከችልኝ። በርበሬ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ 20 እንጀራ፣ በሥርዓቱ 12 ብልት ወጥቶላት በፍሪዘር የደረቀች አንዲት ዶሮ። (ኮረሪማውን ረስታ በማግስቱ ለብቻው ላከችው። እሱን በኋላ እንመጣበታለን።) የመንደራችን ሱቅ ያለው የዶሮ ክንፍ ብቻ ነው። በክንፍ ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው እናቱን በምን ዓይኑ ያያታል?

ካርቶኑ ጃንዋሪ 1 ቤቴል ገባ። እሰይ አልኩ። ከዚያ እኛ ጋ በትንሿ አውሮፕላን 15 ደቂቃ ነው። ከመገናኛ ቦሌ እንኳ በ15 ደቂቃ አይደረስም! ችግሩ የትንሿ አውሮፕላን ፓይለት መሬቱን በዓይኑ እያየ ነው የሚበረው። እርስዎም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። በዚህ ወቅት የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከዚያችው ላይ ቆንጥረው ወሰዱ።

አውሮፕላኑ ቢሮ ደወልኩ። «ዌዘር ሆልድ» አለችኝ ስልክ የምታነሣው ልጅ፤ አየሩ እስኪጠራ በረራ የለም ማለት ነው። በማግስቱም ዌዘር ሆልድ። በሦስተኛው ቀን ድምፄን ስትሰማ፣ ገና ሰላም ሳልላት «ዌዘር ሆልድ» አለችና ሳቀች። ደግነቱ «ነገ ተመለስ» የሚለውን የቀበሌ ቋንቋ በልጅነቴ ተምሬያለሁ።

በስኖውማሽን፣ በበረዶ ላይ በሚነዳው ሞተር፣ ሄጄ ላምጣው ብዬ ተነሣሁ። በወንዙ በረዶ ላይ ውሃ ወጥቷል፣ አያስተማምንም ተባልኩ። ለዶሮ ብሎ ሰጠመ ከመባል ተቀመጥኩ። ጉም መዝገን ሲባል የምሰማው ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚዘገነው ሰውዬው ነው።

የሚያበግነኝ ደግሞ አገሬው አለመናደዱ! ሱቁ ወተት ጨርሷል፤ ሰው ባዶውን መደርደሪያ አይቶ ይስቃል። ጎረቤቴ እማማ «ነገ ይመጣ ይሆናል» እያሉ የደረቀ ሳልመን ያስጨብጡኛል። በጾመ ነቢያት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት ትቼ በልቻለሁ። ኃጢአቱ በእርስዎ ሒሳብ ይያዝ።

በዚህ መሐል ገና ደረሰ። እዚህ መንደር እንደኛው ጃንዋሪ 7 ነው የሚከበረው። ሩሲያ በ1867 አላስካን ለአሜሪካ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ስትሸጥ፣ የቀን መቁጠሪያዋን ይዛ መሄድ ረሳች። በዓሉን ስላቪክ ይሉታል። ያጌጠ ትልቅ ኮከብ እያሽከረከሩ ቤት ለቤት ይዞራሉ። በስላቮን (በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የጥንት ቋንቋ)፣ በዩፒክና በእንግሊዝኛ ይዘምራሉ። ባለቤቱ የገባውን ሁሉ ያበላል። ቤቱ ሁሉ እስኪዳረስ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። እኔ ደግሞ ዶሮ ወጥ አቅርቤ አፍ ላስከፍት ነበር ሐሳቤ።

የገና ዕለት ግን በሰው ቤት የሙስ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ነው) ሾርባና አኩታቅ በላሁ። አኩታቅ ስብ ተመትቶ፣ ከዱር ፍሬና ከስኳር ጋር የሚሠራ ነገር ነው። ሲነገር ያስፈራል። ሦስቴ አስጨመርኩ። ቢሆንም ቅሬታዬን አላነሣም፤ ገና ያለ ዶሮ ገና ነው?

ጃንዋሪ 10 ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ገለጥ አሉ። ምን ነካዎት? አውሮፕላኗ ሾልካ ገባች። ካርቶኔን በሸርተቴ እየጎተትኩ ቤት አስገባሁ። እንጀራው ድንጋይ ሆኗል። በርበሬው ግን በርበሬ ነው። ሌሊቱን ሽንኩርት ሳቁላላ አደርኩ። በማግስቱ ማታ ኮከቡ እኔ ቤት ደረሰ።

40 ሰው ገባ። 12 ብልት ለ40 ሰው! እርስዎ ካርቶኑን በሰዓቱ ለቀውት ቢሆን ብቻዬን ጨርሼው፣ እንግዶቹን በብስኩት እሸኝ ነበር። ይህን እንደ ውለታ እንዳይቆጥሩት። ሩጬ ሱቅ ሄድኩና ያለውን ክንፍ ሁሉ ገዝቼ ወጡ ውስጥ ጨመርኩት። ለእናቴ አልተነገራትም። እማማ አንዴ ጎረሱና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጃቸው ውሃ ሊያመጣ ሲነሣ፣ እሳቸው ሳህናቸውን ዘረጉ።

ኮረሪማው ግን እስካሁን ቤቴል ነው። ዛሬም ደውዬ ነበር። ልጅቷ አሁን ስልኩን ስታነሣ በአማርኛ «ነገ ተመለስ» ትለኛለች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ በመስኮቴ የእማማን ቤት ለማየት ሞከርኩ። የለም። መብራታቸው ብቻ እንደ ጧፍ ብልጭ ይላል።

መልስዎን እጠብቃለሁ። በፖስታ አይላኩት።

የማያከብርዎ ጎረቤትዎ