ሲቪያችንን ከማረማችሁ በፊት ማስታወቂያችሁን እዩት

ሰሞኑን ከአንድ የሥራ ፈላጊዎች ሥልጠና የተቆረጠ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ሲዞር ነበር። ተናጋሪው የአንድ የግል ድርጅት የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው። እንደሳቸው አባባል ወጣቱ ሥራ ያጣው ሥራ ጠፍቶ አይደለም። አንዱን ሲቪ ሳይነካካ ለመቶ ቦታ ስለሚበትን ነው። ይህም አልበቃቸውም። ጉርድ ፎቶና የጋብቻ ሁኔታ የሌለበት ሲቪ ከደረሳቸው ሳያነቡ ወደ ጎን እንደሚያደርጉት ነገሩን። የአገሩን ወግ የማያውቅ ሰው ሥራም አያውቅም ባይ ናቸው። አዳራሹም አጨበጨበ።

ከወጉ ልጀምር። ኧረ ለመሆኑ የማን ወግ ነው? የአያቶቻችን ወግ ደጅ መጥናት ነበር። ሲቪ ትናንት ከውጭ የመጣ ወረቀት ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ማግባቷ ወይም አለማግባቷ ከሒሳቡ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የሚያገናኘውንማ እናውቃለን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣል። ሲቪው ላይ «ያገባች» የሚል ሲያይ ስንቱ አሠሪ በልቡ 120 ቀን ይደምራል። ይኸው አዋጅ ግን የጋብቻ ሁኔታም ሆነ እርግዝና ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንዳልሆኑ በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ ገብታ ስትሠራ በጋብቻዋ ማባረር ክልክል ነው። በር ላይ በጋብቻዋ ማጣራት ግን ወግ ነው! ይኼ ሕጉን በጓሮ መዞር እንጂ ወግ ማክበር አይደለም።

ፎቶውም ያው ነው። ለመታወቂያ ከሆነ ሰውየው ሲቀጠር ያመጣዋል። ገና ሳይጠራ ፎቶውን የሚፈልግ ሰው የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። «ቁመናዋ ያማረ» ብሎ ለእንግዳ ተቀባይነት ማስታወቂያ የሚያወጣ ድርጅት ባለበት ከተማ ይህን ማብራራት ያስፈልጋል እንዴ?

ሲቪ እንደየአገሩ እንደሚለያይ አልክድም። ዲቪ ደርሷት አሜሪካ የገባች ልጅ የተወለደችበትን ቀን፣ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ሲቪዋ ላይ ብትዘረዝር ቀጣሪው ይደነግጣል። እዚያ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ1967ቱ የዕድሜ መድልዎ ሕግ አሉ። አሠሪው እንዲህ ያለ መረጃ እጁ ላይ እንዲገኝ አይፈልግም፤ ነገ ክስ ይዞበት ይመጣል። ጀርመን ፎቶ መለጠፍ የቆየ ልማድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የእኩል አያያዝ ሕግ ከወጣ ወዲህ ግን ፎቶ የግድ መሆኑ ቀርቷል፤ በፈቃዱ የሚለጥፍ አሁንም ሞልቷል። የዘመን አቆጣጠሩም አለ። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀ ልጅ ዓመቱን ሳይቀይር ውጭ አገር ቢልከው፣ ያ ሁሉ ዓመት የት ነበርክ ይሉታል።

ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ግን ወግ ሁሉ ይከበር ከተባለ እስከ መጨረሻው እንሂድ። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ለሚሄዱ እህቶቻችን በኤጀንሲ የሚሞላውን ወረቀት ያየ ሰው ያውቀዋል። ሙሉ ቁመቷ የሚታይ ፎቶ፣ ሃይማኖት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የልጆች ብዛት። ይኼም የአገሩ ወግ ነው። አጨብጭቡለታ!

ዋናው ጉዳዬ ግን የመጀመሪያው አባባል ነው። ሲቪ ለየሥራው ይቀየር የሚለው። ምክሩ በራሱ አይከፋም። «በፈታኝ የሥራ አካባቢ ችሎታዬን ማዳበር» የምትለዋ ከጓደኛ ሲቪ የተቀዳች የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እኔንም ታሰለቸኛለች። እሺ፣ እናውጣት። ከዚያስ? ሲቪውን ወደ ምን እንቀይረው?

የኛን አገር የሥራ ማስታወቂያ ደግሞ አንብቡት። የረቡዕና የእሑድ ሪፖርተር ላይ፣ ኢትዮጆብስ ላይ፣ አራት ኪሎ ሰሌዳው ላይ፣ የትም። የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ አካውንታንት። ተፈላጊ ችሎታ፦ ቢኤ ዲግሪ በአካውንቲንግ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ። የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመት። ብዛት፦ 1። የሥራ ቦታ፦ ዋናው መሥሪያ ቤት። ደመወዝ፦ በስምምነት። ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ። ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ በአካል ቅረቡ። አለቀ። ሰውየው ቢሮ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የምትናገር አንዲት ፊደል የለችም።

የሒሳብ ሥራ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አስመጪ ድርጅት ውስጥ ያለ አካውንታንት ከጉምሩክ ዲክላራሲዮን ጋር ሲታገል፣ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲያወራርድ፣ ለውጭ ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጠውን የባንክ ኤልሲ ሲከታተል ይውላል። ባቱ ያለ የአበባ እርሻ ሲገባ የመጀመሪያ ራስ ምታቱ የብዙ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓት ሒሳብ አለ፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚቆረጥ ጡረታ አለ። የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ዋናው ሥራ በጀቱን በየፕሮጀክቱ ከፋፍሎ ለለጋሹ ሪፖርት መጻፍ ነው። አንዱ ጋ ፒችትሪ ነው፣ አንዱ ጋ ሌላ ሶፍትዌር፣ አንዱ ጋ ኤክሴልና መዝገብ። አንድ ልጅ ከነዚህ ሦስቱን ነክቷቸው ሊሆን ይችላል። የትኛውን ከላይ ያስቀምጥ? ማስታወቂያው አልነገረውም። ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ እንኳ ያልተጻፈበት ማስታወቂያ አለ፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ!

ስለዚህ ልጁ ያለውን ሁሉ ይጽፋል። ሁሉን የጻፈው ሲቪ ለሁሉም ቦታ ይሄዳል። መቶ ቦታ የሚበተነውም በዚህ ምክንያት ነው። መቶው ማስታወቂያ አንድ ከሆነ መቶ ዓይነት ሲቪ ከየት ይምጣ? የጅምላ ማስታወቂያ የለመዱ ሰዎች የጅምላ ሲቪ መጣብን ብለው ሲያለቅሱ መስማት ያናድዳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይኼንን።

ሥራውን የማይገልጹት ደግሞ ሰንፈው ብቻ አይመስለኝም። ብዙዎቹ ራሳቸውም አያውቁትም። ሠራተኛ ለቀቀ፣ በቦታው ሰው ይተካ ተባለ፣ የአምናው ማስታወቂያ ከኮምፒውተር ወጥቶ ቀኑ ተቀየረ። ሌላውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰውየው ቀድሞ ታውቆ ማስታወቂያው ለይስሙላ የሚለጠፍበት ቦታ አለ። የእገሌ ዘመድ ስንት ቀን ሲቪውን ለሥራው ሲያስተካክል አደረ? መረጃ አምጣ የሚለኝ ካለ፣ አራት ኪሎ ሄዶ ጋዜጣ ተከራይተው የሚያነቡትን ልጆች ይጠይቅ።

ሲቪው የሚነበብ ቢሆንም አንድ ነገር ነበር። ለአዲስ ምሩቅ 0 ዓመት ብሎ የወጣን ማስታወቂያ ተመልከቱ። ዓይን የሚያርፈው መጀመሪያ ድምር ውጤቱ ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ማለፉ ይታያል። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና። ብዙ ቦታ ሲቪው እስከዚያ ድረስ ከቁጥር ማመሳከሪያነት አላለፈም። ታዲያ የማይነበብ ወረቀት ላይ ቃላት እያማረጥክ እደር ብሎ መምከር ለማን ይጠቅማል? ለአሠልጣኞች ሳይጠቅም አይቀርም።

አንዱን መስመር ግን ሳላነሳ አላልፍም። «ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ የተያያዘበት መሆን አለበት» የምትለዋን። ግብሩን ከደመወዙ ቆርጦ የሚያስገባው አሠሪው ነው። ሳያስገባ ከቀረ፣ ልጁ ለፍቶ የሠራበት ጊዜ እንዳልነበረ ይቆጠራል። አሠሪው አጠፋ፣ ሠራተኛው ተቀጣ። የሥራ ልምድ ማስረጃውን በነጻ መስጠት በአዋጁ የአሠሪው ግዴታ ነው። እንደዚያም ሆኖ ክሊራንስ፣ ማለትም ከድርጅቱ ንብረትና ዕዳ ነጻ የመሆን ማረጋገጫ፣ አልጨረስክም እየተባለ ለሚመለከተው ሁሉ የምትል አንድ ወረቀት ለማግኘት ስንቱ ይመላለሳል። ይህን ሲቪ ማሳመር የቱ ጋ ያስተካክለዋል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሠራተኛው ሰኞ ጠዋት ገብቶ ምን እንደሚሠራ አራት መስመር ጻፉ። በየትኛው ሶፍትዌር፣ ከማን ሥር፣ አዲስ አበባ ነው ወይስ መስክ ይወጣል። የሥራ ቋንቋው አማርኛ ይሁን አፋን ኦሮሞ ወይም እንግሊዝኛ ንገሩት፤ አዳማ ላይ የወጣ ማስታወቂያና ባሕር ዳር ላይ የወጣ ማስታወቂያ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ከዚያ ሲቪው ካልገጠመ ተቆጡ፣ መብታችሁ ነው።

ደመወዙንም ጻፉት። በስምምነት የሚባለው ነገር ስምምነት የሚኖረው ሁለቱም ወገን ቁጥሩን ሲያውቁ ነው። እናንተ በጀቱን ታውቃላችሁ፣ ልጁ አያውቅም። ቃለ መጠይቅ ላይ ቀድሞ እሱ እንዲናገር ይጠበቃል። ከፍ ካደረገ ይወድቃል፤ ዝቅ ካደረገ በዚያው ይፈርማል። የምትከፍሉት 9 ሺህ ብር ከሆነ 9 ሺህ በሉ። ከቃሊቲ ሦስት ታክሲ ቀይሮ፣ ዋናውንና ኮፒውን ታቅፎ ከመምጣቱ በፊት ይወቀው።