የጌም ሪሞት ከርነል ውስጥ ምን ይሠራል?

ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ዊ የተባለውን የጌም ማጫወቻ ለገበያ ሲያቀርብ ሰውን ያስገረመው ሪሞቱ ነበር። በሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ይህ ዕቃ እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር፣ እስከ 4 የብርሃን ነጥብ የሚከታተል የኢንፍራሬድ ካሜራ፣ የሚነዝር ሞተርና ትንሽ ድምፅ ማጉያ በውስጡ ይዟል። ገመድ የለውም፤ የሚነጋገረው በብሉቱዝ ነው። ብሉቱዝ ያለው ማንኛውም ኮምፒውተር ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው።

ማግኘትና መረዳት ግን ይለያያሉ። ሪሞቱ ራሱን የሚያስተዋውቀው ኪቦርድና ማውዝ በሚጠቀሙበት ኤችአይዲ በተባለው ደንብ ነው። ነገር ግን ስንት ባይት (የመረጃ መለኪያ፤ አንዱ ስምንት ቢት ይይዛል) እንደሚልክ ይናገራል እንጂ እያንዳንዱ ባይት ምን ማለት እንደሆነ አይናገርም። ትርጉሙን የፈቱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አንዱን ቁልፍ እየተጫኑ፣ የትኛው ቢት እንደተቀየረ እየተመለከቱ።

ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ላይ ይህን እውቀት መጀመሪያ የተሸከሙት እንደ ሲዊድ ያሉ ከከርነሉ፣ ማለትም ዕቃዎቹን ከሚቆጣጠረው የሥርዓቱ እምብርት፣ ውጭ የሚሠሩ ላይብረሪዎች (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸው የኮድ ስብስቦች) ነበሩ። ለሠሯቸው ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ የብሉቱዝ መስመሩን በቀጥታ ይከፍትና ሪሞቱን ለብቻው ይይዘዋል፤ ሌላው ፕሮግራም ሪሞት መኖሩንም አያውቅም። ሪሞቱን እንደ ማውዝ ለመጠቀም የፈለገ ደግሞ ሌላ አስተርጓሚ ፕሮግራም ማስነሳት ነበረበት፤ ብዙ ሰው ያንን የሚያስነሳው ማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ በሚያስችለው በሩት ሥልጣን ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 የወጣው ሊኑክስ 3.1 ይህን ቀየረ። ዴቪድ ሄርማን የጻፈው የዊ ሪሞት ድራይቨር (የዕቃውን ቋንቋ ለኮምፒውተሩ የሚተረጉም ኮድ) ከርነሉ ውስጥ ገባ፤ በቀጣዮቹ ስሪቶችም እየዳበረ ሄደ። ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ የሚነሳው ተቃውሞ አንድ ነው፦ የመጫወቻ ዕቃ ከርነል ውስጥ ምን ይሠራል?

መልሴን በባትሪው ልጀምር። ሪሞቱ የባትሪውን መጠን የሚናገረው በራሱ ቋንቋ ነው። ድራይቨሩ ያንን ተቀብሎ ከርነሉ ለማንኛውም ባትሪ በሚጠቀምበት መንገድ ያቀርበዋል። ስለዚህ ስለ ዊ ሰምቶ የማያውቅ የባትሪ ማሳያ ፕሮግራም የሪሞቱን ባትሪ ከላፕቶፑ ባትሪ ጎን ማሳየት ይችላል። አራቱ መብራቶችም እንደ ማንኛውም የኮምፒውተር መብራት ይታያሉ፤ ቁልፎቹም እንደ ማንኛውም የኪቦርድ ወይም የጆይስቲክ ቁልፍ። ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን የክርክሩ ዋና ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ትርጉሙ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ከተሠራ ፕሮግራም ሁሉ ይካፈለዋል።

ተቃውሞው ግን መሠረት አለው። በከርነል ውስጥ የሚሮጥ ኮድ ከልካይ የለውም፤ እዚያ የተፈጠረ ስህተት ማሽኑን በሙሉ ይዞ ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የደኅንነት ባለሙያው ኪስ ኩክ በርከት ያሉ የኤችአይዲ ድራይቨሮች ዕቃው የላከላቸውን መረጃ ሳይመረምሩ ያምኑ እንደነበር አሳይቷል። ሆን ተብሎ የተሠራ ሐሰተኛ ዕቃ በዚያ ቀዳዳ የከርነሉን ማኅደረ ትውስታ ሊያበላሽ ይችል ነበር። ይህን አይቶ ዝም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ እኔ የምደግፈው ቀጭን ድራይቨርን ነው። የዊው ድራይቨር የእንቅስቃሴውንና የካሜራውን ጥሬ ቁጥር አሳልፎ ይሰጣል እንጂ «ይህ የእጅ ውዝዋዜ የቴኒስ ምት ነው» ብሎ አይፈርድም። ፍርዱ የጌሙ ነው። ብሉቱዙን የማጣመር ሥራም ከከርነሉ ውጭ ቀርቷል። በ2023 በወጣው ሊኑክስ 6.3 ደግሞ ኤችአይዲ-ቢፒኤፍ ተጨምሯል፤ ለዕቃዎች የሚያስፈልጉ ትንንሽ ማስተካከያዎች ከመሮጣቸው በፊት ተፈትሸው ወደ ከርነሉ የሚጫኑበት መንገድ ነው። ለጥቃቅን ልዩነቶች አዲስ ድራይቨር ከመጻፍ ይህ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጊዜ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሚያኖረው ላይብረሪ ሰውየው ሲደክመው ይቆማል። በከርነሉ የኮድ ግምጃ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ድራይቨር ግን ሌላ ዕጣ አለው፦ የከርነሉን የውስጥ አሠራር የሚቀይር ሰው የቀየረውን የሚጠቀሙ ድራይቨሮችንም አብሮ ማስተካከል ይጠበቅበታል። የዊ ሪሞት በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው የዊን ድራይቨር በሕይወት ያቆየዋል።

አምራቾችም ወደዚህ እየመጡ ነው። ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ የሚሆን ድራይቨር በራሱ ሠራተኛ እጅ አበርክቶ በ2021 ሊኑክስ 5.12 ውስጥ ገብቷል። የኒንቴንዶ ስዊች ጆይስቲኮች ድራይቨር በ2022 መጀመሪያ በሊኑክስ 5.16 ሲገባ ግን ሥራው አሁንም ከኩባንያው ውጭ ባሉ ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር። ከ100 ሚሊዮን በላይ የዊ ማጫወቻ የሸጠ ኩባንያ ቢያንስ የባይቶቹን ትርጉም የሚናገር ሰነድ ቢያወጣ ምን ይጎድልበታል? የዊ የኢንተርኔት ሱቅ በጥር 2019 ተዘግቷል። ሪሞቶቹ ግን ዛሬም በየመሳቢያው አሉ፤ ድንጋይ ተቀይሮላቸው ከሊኑክስ ጋር ሲጣመሩ ይሠራሉ።